ሠላሳ ስምንት ቁጥር ቦት

ታይቱ ሕግ አትጠላም። የምትጠላው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሳምንት የሚመጣ ሕግ ነው።

ከኮኪት ወጣ ብሎ ያለው እርሻዋ በዚያ ሰኞ ጠዋት ቢጫ መትቶ፣ የታችኛው ቅጠሉ ረግፎ፣ ማጭድ ይጠብቅ ነበር። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። ማሽላ ባለቤቱ ሠርግ ሄዶ ቢዘገይበት አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ ሰሊጥ ግን ቀኑ ሲደርስ አፉን ይከፍትና ዘሩን ለነፋስ ይበትናል። አንዴ መሬት ከወደቀ የወፍና የጉንዳን ነው። ታይቱ ፍሬውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ካየች በኋላ፣ ቅዳሜን አያልፍም ብላ ነበር። ሃያ ዓመት አርሳለችና በዚህ አትሳሳትም። የዓመቱ ልፋቷ በሙሉ በእነዚያ አምስት ቀናት ላይ ተንጠልጥሏል።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዋ እስከዳር ከገንዳ ውሃ ከተማ የደረሰችውም በዚያው ጠዋት ነው።

እስከዳር ከጎንደር ከተማ ወደ ቆላ የወረደች፣ ከፊቷ የሚሰፋ ባርኔጣ የምታደርግ ቀጭን ልጅ ናት። እሷና ታይቱ የተዋወቁት በነሐሴ ነው። ያኔ እርሻውን ዞራ አይታ፣ የሚስተካከለውን በወረቀት ጽፋ፣ "ልቀጣዎት አይደለም የመጣሁት፤ እንዳይቀጡ ነው" ብላ ሄዳለች። ታይቱም እየተነጫነጨች ሁሉንም አደረገችው። ለመጠጥ ውሃ መያዣ ይሆኑ የነበሩትን ባዶ የአረም መድኃኒት ጀሪካኖች በምስማር ወግታ ቀበረች። ሽንት ቤት አስቆፈረች፣ የጥላ ዳስ አስጣለች፣ ቁስል ማሰሪያና አዮዲን ያለበት ሳጥን ገዛች። በመጨረሻም የአርባውን የቀን ሠራተኛ የእግር ቁጥር ከየአንደበቱ ጠይቃ መዘገበችና አርባ ጥንድ ቦት ከጎንደር አስመጣች። ስለዚህ እስከዳር ስትመጣ ደረቷን ነፍታ ነው የተቀበለቻት።

እስከዳር ግን የታይቱን ደረት አላየችም። የአጫጆቹን ረድፍ ተከትላ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ከዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች። አርባ ሰው፣ ሰማንያ እግር፤ ሁሉም ኮንጎ ጫማ። ቦት የሚባል ነገር ለመድኃኒት አልተገኘም።

"ወይዘሮ ታይቱ፣ ቦቱስ?"

"ገዝቻለሁ! ይኸው ደረሰኙ።" ታይቱ ደረሰኙን ከጡቷ ሥር አውጥታ ዘረጋችላት።

"ደረሰኝ እባብ አያስጥልም እኮ" አለች እስከዳር። "ባለፈው ሳምንት ጊንጥ የነደፈው ልጅ ስንት ቀን ተኛ?"

"ሦስት።"

"አሠሪው ይግዛ ብቻ አይደለም ሕጉ። ማድረጋቸውንም ይይ ነው እሚል።"

"እናታቸው ነኝ እንዴ እኔ? ጫማም ላጫማቸው?" አለች ታይቱ። ይህን ብላ ዞር ስትል አጠገቧ የነበረውን አንዱአምላክን አገኘችው። አንዱአምላክ ከረድፉ ሁሉ በቁመት የሚበልጥ የወሎ ልጅ ነው። "አንተ! ቦትህን የት አባክ አደረግኸው?"

"ድንኳን ነው እትዬ።"

"ድንኳኑ ነው እሚያጭድልኝ?"

"እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው" አለ አንዱአምላክ፣ የእውነት እያፈረ።

ድንኳኖቹ ከማሳው ዳር፣ ከትልቁ የሮቃ ዛፍ ሥር ነበሩ። ታይቱ ከፊት፣ እስከዳር ከኋላ፣ አጫጆቹ ደግሞ ማጭዳቸውን ይዘው በሩቁ ተከተሉ። ታይቱ የመጀመሪያውን ሸራ ገልጣ ገባችና ቆመች። አርባው ጥንድ በድንኳኑ አራት ምሰሶዎች ላይ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በላዩ ወረቀት ታስሮበት። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ "ለአባቴ" ይላል። "ለእማምዬ" ይላል። "ለጋሼ፣ ለማረሻ ጊዜ" የሚልም አለ።

"በሉ አሁኑኑ አውርዳችሁ አድርጉ" አለች ታይቱ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱአምላክ ብቻ ትእዛዝ ላለመጣስ ያህል የራሱን አወረደና እግሩን ሊከትት ሞከረ። አውራ ጣቱ ገባ፤ ሌላው ውጭ ቀረ። ታይቱ ቦቱን ነጥቃ ሶሉን አየችው። ሠላሳ ሰባት።

ያን ጊዜ ነው የገባት። በምዝገባው ቀን ይህን የሚያህል ሰውዬ "ሠላሳ ሰባት ነኝ" ሲላት ገርሟት "አይጠብህም?" ብላው ነበር፤ እሱ ደግሞ "እንዲያውም ይሰፋኛል" ብሏት ነበር። አንድ እንጭጭ የሚያህል ልጅ አርባ አራት አስጽፏል። አርባው ሰው ያስመዘገበው የራሱን እግር ሳይሆን አገር ቤት ያለውን እግር ነበር።

"ለባለቤቴ ነው እትዬ" አለ አንዱአምላክ። "ኸተጋባን ጀምሮ ጫማ ገዝቼላት አላውቅም።"

እስከዳር ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ ሳቀች። ታይቱ ግን አልሳቀችም፤ አምስቱን ቀን እየቆጠረች ነበር። እስከዳርም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወረቀቷን አወጣችና ትእዛዟን ነገረቻት። ቦት ያላጠለቀ ሰው ማሳ ውስጥ አይገባም፤ የእርሻው ባለቤትም ብትሆን። አንድ ሰው እንኳ ሲገባ ከተገኘ ሥራው በሙሉ ይቆማል። ነገ መጥታ ታያለች፤ በስንት ሰዓት እንደሆነ አትናገርም።

"ልጄ፣ ሰሊጡ ሊረግፍ ነው እኮ" አለች ታይቱ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ሄጄ ነገ እምመጣው እንጂ እንደ ደንቡማ እምመለሰው በዐሥር ቀኑ ነበር" አለች እስከዳር። "ደግሞ መላ አለው። አርባ ቦት አለ፣ አርባ ሰው አለ። እርስ በርስ ይቀያየሩ። የትልቅ አባት ጫማ ለትልቅ ሰው፣ የትንሽ አባት ለትንሽ ሰው። ለሥራው ብቻ፤ ሲያልቅ ሁሉም የራሱን ይወስዳል።"

መላው ለእስከዳር ቀላል ነበር፤ ለአጫጆቹ ግን ነውር ሆነባቸው። "ያባቴን ጫማ ሌላ ሰው ላብ አስገብቶበት፣ እንዴት ብዬ ነው እምሰጠው?" አለ አንዱ። "ለእናቴ የያዝሁትን ወንድ ያድርገው?" አለ ሌላው። ጫጫታው ድንኳኑን ሞላው።

ታይቱ ደሟ ፈላ። "እማያደርግ ጓዙን ጠቅልሎ ይሂድ!" ብላ ጮኸች።

የአጫጆቹ ካቦ አምባው፣ ረድፉን የሚመራውና ዘፈኑን የሚያወጣው የጎጃም ሰው፣ እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገረም ነበር። "እሽ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ። "እንሄዳለን።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። በዚያ ሳምንት ኮኪት ላይ አጫጅ ማግኘት ማለት በበጋ ዝናብ መለመን ነው፤ ጎረቤቷ ባለ እርሻ አምባውን ሁለት ጊዜ ጠርቶ እንዳናገረውም ታውቃለች። ታይቱ ከድንኳኑ ወጥታ ደጅ የቆመው የትራክተር ተሳቢ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነፋስ መጣና ማሳው ተንሿሿ። የደረሰ ሰሊጥ ድምፅ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደስ ይላታል፣ አሁን ግን ላለመስማት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ዓይኗ የራሷ እግር ላይ ዐረፈ። ረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ ተነሥታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ባዶ እግሯን ከመካከላቸው በነበረ የዱቄት ጆንያ ላይ አስቀመጠችው።

"እዩት" አለች።

አዩት። ሁለት ጣቶቿ ጥፍር የላቸውም፤ ተረከዟ ጉቶና እሾህ የፈለፈለው፣ ተጠግኖ የማያውቅ ነው።

"እኔም እዚሁ አገር አረም አርሜያለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ኸበለሳ በእግሬ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ገንዘብ እጄ ሲገባ ለእናቴ ኮንጎ ገዛሁላት፤ ሰማያዊ። እኔ ባዶ እግሬን ነበርሁ። ክረምቱን ሙሉ ኮንጎውን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ራስጌዬ አድርጌው ተኛሁ። ቤት ደርሼ ስሰጣት ጫማውን አላየችውም። እግሬን ነው ያየችው። 'አንችስ ምን አርገሽ ነበር?' አለችኝ። ምን ልበላት? ኮንጎውን ተቀብላ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረች ኸዚያ በኋላ። አንድ ቀን አላደረገችውም። ስትቀበር እንደ ተሰቀለ ነበር፤ ሶሉን አፈር አልነካውም።"

ይህን ታሪክ ለራሷ ልጆች እንኳ ነግራ አታውቅም። ለምን ለአርባ ሰው እንደ ተናገረችው ሳታውቅ እግሯን ከጆንያው ላይ አነሣች።

አምባው ወደ ምሰሶው ሄዶ የራሱን ጥቅል አወረደ። ፌስታሉን ፈታ፣ "ለእናቴ" የሚለውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ቦቱን ታይቱ ፊት አኖረው።

"ሠላሳ ስምንት ናት" አለ። "እርስዎ ስንት ነው እሚያረጉ?"

ሠላሳ ስምንት ነበር የምታደርገው።

ከዚያ በኋላ ድንኳኑ የገበያ ቀን መሰለ። እስከዳር ባርኔጣዋን ወርውራ፣ ጆንያው ላይ እግር በከሰል እያሰመረች ስም ትጠራለች። "የአርባ ሦስት አባት ያለው!" "እኔ!" "የአርባ አንድ ወንድም!" "ይኸው!" አንዱ የሌላውን አባት ጫማ አጥልቆ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ የጫማው ባለቤት ደግሞ ከኋላ ከኋላው ይከተለዋል። "ቀስ በል እንጂ! አባቴ እንዲህ አይራመድም!" "ጉቶ ከረገጥህበት አልምርህም!" የእናቶችና የሚስቶች ትናንሽ ቦቶች ለወንዶቹ አልሆን ስላሉ ምግብ አብሳይዋ ዘምዘምና ረዳቶቿ ወሰዷቸው። አንዱአምላክ የሚስቱ ቦት ዘምዘም እግር ላይ ልክክ ሲል አይቶ "ቁጥሯን አልሳትሁም ማለት ነው" ብሎ ተደሰተ።

ዘጠኝ ወንዶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ለስምንቱ የሚሆን ቦት ሾፌሯ ባየልኝ በዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከኮኪት ሱቆች ለቃቅሞ አመጣ። ዘጠነኛው አምባው ነበር። የአምባው እግር አርባ ስድስት ነው። የማንም አባት አርባ ስድስት አያደርግም፤ ኮኪት ውስጥ ያለ ባለ ሱቅ ሁሉም ሳቀበት። ባየልኝ ማክሰኞ ማልዶ "መተማ ዮሐንስ ድረስ ሄጄም ቢሆን አላጣውም" ብሎ መኪናውን አስነሣ።

ማክሰኞ ፀሐይ ስትወጣ አጫጆቹ ረድፋቸውን ይዘው ማሳው አፍ ላይ ቆሙ። ሠላሳ ዘጠኝ ጥንድ ቦት፣ አንድ ጥንድ ኮንጎ። ካቦ የሌለው ረድፍ ደግሞ መሪ የሌለው ግመል ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቀራል፣ ሌላው ውሃ ልጠጣ ይላል። አምባው ግራ ቀኙን አየና ወደ ታይቱ ጠጋ አለ።

"እትዬ፣ ልግባ ግድ የለም። ሴትዮዋ ገና ኸገንዳ ውሃ አልተነሣችም። መኪና ስንሰማ እወጣለሁ።"

ታይቱ መለሰችለት ማለት ውሸት ነው። ዝም አለች። ዝም ያለችውም እንዲገባ ፈልጋ ነው። አንድ ቀን ጠፍቷል፣ አራት ቀን ቀርቷል፤ ይህ ሰው ገብቶ ቢመራ እስከ ዐርብ ያልቃል፣ ካልገባ አያልቅም። ማን ያያል? አምባውም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ አንድ እግሩን በሰሊጡ መካከል አሳረፈ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ስንጥቅ ስንጥቅ ብሎ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ምን እንደ ተኛ እግዜር ነው የሚያውቀው። እግሩ ከኮንጎው ቀዳዳ ወጥቶ ይታያል።

"ውጣ!" አለች ታይቱ። የወጣላት ድምፅ ራሷን አስደነገጣት። "ውጣ ብያለሁ! እናትህ ያችን እግር ሳታያት አትቀርም።"

አምባው ወጣ። ታይቱ ማጭዱን ከእጁ ተቀበለች፣ የቀሚሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሻጠች፣ በእናቱ ቦት ረድፉ ራስ ላይ ገብታ ቆመች። ማጭድ ከያዘች ሃያ ዓመት አልፏታል። የመጀመሪያው ጭብጥ አልታጨድ አላት፤ ሁለተኛው ታጨደ። ከኋላዋ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው በሳቅ እየፈነዳ ገባ። አምባው ከዳሱ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጦ፣ ዘፈኑን አወጣ፦

"የናቴን ቦት ጫማ አጥልቀው ወረዱ፤
እኛ ጥላ እንረፍ፣ እትዬ ይጨዱ!"

"ይጨዱ!" ብሎ ረድፉ ተቀበለ። ሥራውም ሄደ። አሠሪህ ከፊትህ ጎንበስ ብላ እያጨደች ማን ወገቡን ያቀናል? ማንስ ውሃ ልጠጣ ይላል? ሁሉም የሌላውን እግር እያየ፣ "አባቴን ተጠንቀቅልኝ" እያለ፣ ነዶው እየታሰረ፣ ተደጋግፎ የሚደርቅበት ሂላ አንድ በአንድ እየቆመ ሄደ።

እስከዳር በሦስት ሰዓት ደረሰች። የማሳውን ጠርዝ ይዛ፣ እንደ ለመደችው እግር እግራቸውን እያየች፣ ከዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ዳሱ ሥር ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረች።

"አንተስ ለምን አትሠራም?"

"ጫማ የለኝማ" አለ አምባው፣ እግሩን በኩራት ዘርግቶ።

"ዛዲያ ያንተን ረድፍ ማን ያዘው?"

አምባው በአገጩ ጠቆማት። ታይቱ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ሻሿ ተንሸራትቶ፣ አንድ እቅፍ ሰሊጥ ይዛ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እስከዳር ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ "ተስተካክሏል" ብላ ፈረመችና ልትሰጣት ወደ ማሳው ገባች።

"እዚያው ቁሚ!" አለች ታይቱ። "ባርኔጣ እንጂ ቦት አላደረግሽም። ኸዳር አስቀምጭው።"

እስከዳር አንድ እግሯን እንዳነሣች ቀረች፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሳ ወረቀቱን ከዳር አስቀመጠች። የዚያን ቀን ሳቅ እስከ ማታ አላለቀም።

ባየልኝ በቀትር "ኻላስ! ተገኘ!" እያለ ደረሰ። አርባ ስድስቱን ከአንድ የሱዳን ከባድ መኪና ሾፌር እግር ላይ አስወልቆ፣ በምትኩ አዲስ ሸበጥ ገዝቶለት ነው ያመጣው። አምባው አጠለቀና ወደ ረድፉ ራስ ተመለሰ። ታይቱ ልትወጣ ትችል ነበር። ግን ሁለተኛ ሆና ቆመች፤ ረቡዕም መጣች፣ ሐሙስም መጣች፣ ለምን እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

ዐርብ አመሻሹ ላይ ማሳው ሊገባደድ ጥቂት ረድፍ ቀረው። ከጥግ በኩል ጥቂቱ ረግፎ ወፍ ወርዶበታል፤ የቀረው በሙሉ ሂላ ላይ ቆሟል። ሲነጋ ሠራተኞቹ አገራቸው ሊገቡ ነውና ድርሻቸውን የጨረሱት ቦቶቹን ለየባለቤቶቻቸው ይመልሱ ጀመር። አንዱ ለአንዱ "ያባትህን እንካ፣ ጭረት የለውም" እያለ ያስረክባል። ታይቱም የውሃ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ አንዱን ቦት አወለቀችና ጭቃውን ልታለቅቅ ውሃ ቀዳች። ሠላሳ ስምንቱ እንደ አዲስ አልነበረም፤ አፍንጫው ተፍቋል፣ ተረከዙ ላይ ማጭድ የጫረው መስመር አለ።

"አምባው፣ አፈር ስሆን አበላሸሁብህ" አለች። "ለእናትህ አዲስ አስመጣላታለሁ።"

አምባው ቦቱን አንሥቶ አገላበጠው።

"አይ እትዬ። አዲስ ኸኾነ ትሰቅለዋለች" አለ። "ይችን ነው እምወስድላት። ሥራ የዋለች ጫማ ኸኾነች ታደርጋታለች። ጭቃዋን አይጠቡብኝ።"

ታይቱ የቀዳችውን ውሃ ይዛ ቀረች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልደበቀችውም። ከዚያ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሰችና እጇን ዘርግታ ቦቱን ተቀበለችው።

"ስንት ረድፍ ቀረን?"

"ሦስት።"

"እንግዲያው ሥራው ገና አልበቃትም" አለችና መልሳ አጠለቀችው፤ ማጭዷንም ይዛ ወደ ሰሊጡ ገባች።